ከቆጣሪው በኋላ ያለው ሽቦ፦ ከቡሬ ቁልቁለት እስከ ሳሎን ሶኬት

ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ጣታችን ወዲያው የሚቀሰረው ወደ ቴሌ ነው። ብዙ ጊዜ አንሳሳትም። አንዳንድ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ከግድግዳችን ውስጥ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያ ግድግዳ ውስጥ ስላለው ሽቦ ነው።

መነሻችን አንዲት ትንሽ ዕቃ ናት። ፓወርላይን አዳፕተር ትባላለች። በጥንድ ነው የምትሸጠው። አንዷን ከራውተሩ አጠገብ ባለ ሶኬት፣ ሌላዋን ኢንተርኔት በሚፈለግበት ክፍል ሶኬት ላይ ትሰካላችሁ፤ ኢንተርኔቱ በቤቱ የመብራት ሽቦ ውስጥ አልፎ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይደርሳል። ግድግዳ መብሳት የለ፣ አዲስ ኬብል መጎተት የለ። እንደ መቱ፣ ጎሬና ቡሬ ባሉ ከተሞች ለሚኖር ሰው ሐሳቡ ያጓጓል፤ የሞባይል ኔትወርኩ ደህና የሚይዘው በአንዱ መስኮት ጥግ ብቻ ከሆነ፣ ራውተሩን እዚያ አስቀምጦ ኢንተርኔቱን በመብራት ሽቦ ወደ ጓሮ ክፍል ወይም ወደ ሱቁ መላክ ይቻላል።

ካርቶኑ ላይ 600 ወይም 1000 ሜጋቢት በሰከንድ የሚል ቁጥር በደማቁ ታትሟል። ቤት ገብታ ስትለካ ግን 20 ትሰጣለች፤ አንዳንዴ 8፣ አንዳንዴም 2። ለምን?

መልሱ ግማሹ የኤሌክትሮኒክስ ነው። ግማሹ ግን የታሪክ ነው። እኛ አዲስ መልእክት በአሮጌ መንገድ ላይ ስንጭን ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖናል፤ በእያንዳንዱ ጊዜም የመልእክቱን ፍጥነት የወሰነው አሮጌው መንገድ ነው።

1. ቁልቁለቱ

ቡሬ ስል የጎጃሟን ቡሬ ማለቴ አይደለም፤ በአሰብ መንገድ ያለችውንም አይደለም። ከመቱ ተነስታችሁ ጎሬን አልፋችሁ ወደ ጋምቤላ ስትጓዙ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ከመጀመሩ በፊት የምታገኟት የኢሉባቦሯ ቡሬ ናት። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከል ያለውን ቁልቁለት ወርዶ ያየ ሰው ቡሬ ለምን ከተማ እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልገውም።

በ1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ውል ሲፈራረሙ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ የሚሆን ቦታ ለእንግሊዝና ለሱዳን አስተዳደር እንዲሰጥ ተስማሙ። ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆና የበቀለችው ከዚህ ነው። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም አቅጣጫ በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እስከ ጋምቤላ ይወጡ ነበር። ጨውና ጨርቅ ይመጣል፤ ቡና ይሄዳል። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና ወደ ዓለም ገበያ የሚወጣበት ትልቅ በር ነበር።

የመርከቧን ሆድ ብቻ ያየ ሰው ይህ መንገድ ማለቂያ የሌለው ጭነት የሚያሳልፍ ይመስለዋል። ቡናው ግን መርከብ ላይ ከመድረሱ በፊት ከጎሬ በቡሬ በኩል ቁልቁል መውረድ ነበረበት፤ በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ። ያውም መርከቡ በሚመጣበት ወቅት፤ ማለትም በክረምት፣ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ሰዓት። ቆላው ደግሞ በቆላ ዝንብ የተነሣ ለጋማ ከብት አይመችም። እንግዲህ ጋምቤላ የሚደርሰውን ቡና ልክ የሚወስነው የመርከቧ አቅም ነበር ወይስ የቁልቁለቱ? መርከብ ቢጨመር ቁልቁለቱ አይሰፋም።

ይህን ነገር ልብ በሉት። የመንገድ አቅም የሚለካው በሰፊው ቦታ ሳይሆን በጠባቡ ነው። ወደ ሶኬታችን ስንመለስ ያስፈልገናል።

2. አንድ ሽቦ፣ ሁለት ሥራ

ስልክና ቴሌግራፍ አገራችን የገቡት በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ መስመር ከሐረር አዲስ አበባ ነበር፤ 477 ኪሎ ሜትር። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1902 እና በ1904 መካከል በጣሊያኖች ሥራ አዲስ አበባና አሥመራ በቴሌግራፍ ተገናኙ። ከዚያም ሽቦው ወደ ጠቅላይ ግዛቶች መቀመጫዎች አመራ። የምኒልክ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ገዥዎቹን መስማት፣ ገዥዎቹም ቤተ መንግሥቱን መስማት አለባቸው።

እነዚያ መስመሮች እንጨት ምሰሶ ላይ የተወጠሩ እርቃናቸውን ያሉ ሽቦዎች ነበሩ። ምሰሶውን ምስጥ ይበላዋል፤ ዛፍ ይወድቅበታል፤ ዝናብ ያረጥበዋል። በአንዱ መጋጠሚያ ላይ ዝገት ከያዘ በመቶ ኪሎ ሜትር የሚቆጠረው የቀረው ሽቦ ደህና ቢሆንም ድምፁ ይደክማል። ስለዚህ የመስመር ሠራተኛ ዋና ሥራ ሽቦ መዘርጋት ብቻ አልነበረም፤ ጥፋቱ ከየትኛው ምሰሶ እስከ የትኛው ምሰሶ እንዳለ መለየት ነው። ከዚህ ጫፍ ይሞክራል፤ ይሰማል። ወደ መሐል ሄዶ ይሞክራል፤ አይሰማም። እንግዲያው ጥፋቱ በሁለቱ መካከል ነው። ይህ ዘዴ ዛሬም አልተለወጠም።

የዚያ ዘመን መረብ ሌላም ድክመት ነበረበት። ሁሉም መስመር ወደ አዲስ አበባ የሚመለከት ነበር። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወጥተው ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ፣ የቀረው መንግሥት መቀመጫውን ጎሬ አደረገ፤ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ መሪነት። ራስ እምሩም ወደዚያው መጡ። ጎሬ ለጥቂት ወራት የነፃይቱ ኢትዮጵያ የመጨረሻ የመንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በጠላት እጅ እስክትወድቅ። በዚያ ጊዜ የመረቡ እምብርት በጠላት እጅ ነበር። እምብርቱ ከተያዘ ከጎሬ ያለው ሽቦ ጤነኛ ቢሆን ምን ይፈይዳል?

ስለዚህ ጥፋት በሁለት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ በግንዱና በመጨረሻው ቅርንጫፍ። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም። ዛሬ ስለ ኢንተርኔት ስንነታረክ ብዙ ጊዜ የምንደባልቀው እነዚህን ሁለቱን ነው።

3. መልእክት በኃይል መስመር

እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ጆርጅ ስኩዋየር የተባለ አሜሪካዊ የጦር መኮንን አንድ ነገር አሳየ። በአንድ ሽቦ ላይ ከተለመደው ንግግር በላይ በጣም ፈጣን የሆነ የኤሌክትሪክ ንዝረት ቢጫን፣ ሁለቱ ሳይጋጩ አብረው ይሄዳሉ፤ በሌላው ጫፍ ላይም መለየት ይቻላል። በዚህ ዘዴ አንድ ጥንድ ሽቦ ብዙ ንግግር መሸከም ጀመረ። ከ1920ዎቹ ጀምሮ የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ይህንኑ ወደ ከፍተኛ ኃይል መስመሮቻቸው አመጡት። ግድቡና ማከፋፈያ ጣቢያው በስልክ የሚነጋገሩት ኃይሉን በተሸከመው በዚያው ሽቦ ሆነ።

እኛም አገር የመብራትና የስልክ ታሪክ ጎን ለጎን ነው ያደገው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1951 ለቴሌኮሙኒኬሽን ከዓለም ባንክ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ በ1945 ዓ.ም. ሥራው ለንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1956 የመብራት ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ኃይል ይዞ ሥራ ጀመረ። የከፍተኛ ኃይል መስመሮቻችን ጣቢያ ከጣቢያ የሚነጋገሩበት ዘዴ ለረጅም ጊዜ ይኸው በኃይል ሽቦ ላይ የሚጫን ምልክት ነበር። ኋላም የመብረቅ መከላከያ ሆኖ በማማዎቹ ጫፍ ላይ በሚወጠረው ሽቦ ሆድ ውስጥ የመስታወት ፋይበር ተቀበረ። ኢትዮ ቴሌኮም ይህን ፋይበር ከኤሌክትሪክ ኃይል ይከራያል፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም እንዲሁ።

ስለዚህ «ኢንተርኔት በመብራት መስመር» ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከአገሪቱ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው የሚሄደው መልእክት ከፊሉ ሁልጊዜም በመብራት ማማ ላይ ነው የሚሄደው። ልዩነቱ አንድ ነው። ማማው ላይ ያለው ፋይበር ለመልእክት ተብሎ የተሠራ ነው። ቤታችን ውስጥ ያለው ሽቦ ግን ለአምፖል ነው የተዘረጋው።

የቤቷ አዳፕተር የስኩዋየር የልጅ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2000 የተለያዩ አምራቾች ሆምፕለግ የሚባል ማኅበር መሠረቱ፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው የመጀመሪያው ደረጃ 14 ሜጋቢት ነበር። በ2005 ወደ 200 አደገ፤ በ2010 ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ደረጃ ተበጀለት፤ ከዚያ በኋላ የካርቶኑ ቁጥር 600፣ 1000፣ 2000 እያለ ወጣ። አሠራሩ ግን ያው ነው። የቤታችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የአዳፕተሯ ምልክት በሰከንድ ከ2 ሚሊዮን እስከ 30 ሚሊዮን ጊዜ፣ በአዲሶቹ ደግሞ እስከ 86 ሚሊዮን ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ በአንድ ሽቦ ላይ ይኖራሉ። ይህ ፈጣን ምልክት ግን ቅምጥል ነው፤ መጋጠሚያ ያደክመዋል፣ ጫጫታ ያውከዋል፣ ርዝመት ይበላዋል።

4. የቤታችን ሽቦ እንዴት እንዲህ ሆነ?

በኢሉባቦር መብራት ቀስ እያለ ነው የመጣው። በመቱ አቅራቢያ ያለው 5 ሜጋ ዋቱ የሶር ኃይል ማመንጫ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር፣ ከብሔራዊ መረብ ተለይቶ አካባቢውን ለብቻው የሚያገለግል ነበር። ወደ ዋናው መረብ መያያዝ የመጣው ኋላ ነው። ቤቶቹም እንደ መብራቱ ቀስ እያሉ ነው የተገጠሙት። በመጀመሪያ ሳሎን አንድ አምፖል። ቀጥሎ ለሬዲዮ አንድ ሶኬት። ለቴሌቪዥን ሌላ። ከዚያ ወጥ ቤት፤ ከዚያ ጓሮ የተሠራችው የኪራይ ክፍል፤ ከዚያ በር ላይ የተከፈተችው ሱቅ። በእያንዳንዱ ጊዜ ከቀድሞው ሽቦ ላይ ተቀጥሎ፣ ተጠምዞ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ።

ይህ የቤታችን ታሪክ ነው፤ አያሳፍርም። ገንዘብ ሲገኝ አንድ ክፍል፣ ልጅ ሲያድግ ሌላ ክፍል። ነገር ግን አዳፕተሯ የምታልፈው በዚህ ታሪክ ላይ ነው። ከሳሎን እስከ ሱቁ ስትሄድ አምስት ናስትሮ ካለፈች አምስት የቡሬ ቁልቁለት ወርዳለች ማለት ነው።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ የመስመር ሠራተኛው ዘዴ ነውና።

አንደኛ፣ ከራውተሩ ጀምሩ። ላፕቶፕ በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክታችሁ ለኩ። የከፈላችሁበት 10 ሆኖ እዚያ 3 ካገኛችሁ አዳፕተሯን ተዉአት፤ ጥፋቱ ከቤታችሁ ውጭ ነው። እዚያ 10 ሆኖ በአዳፕተሯ በኩል 3 ከሆነ ጥፋቱ የቤታችሁ ነው። ይህን ሳያደርጉ ፓኬጅ ከፍ ማድረግ ቁልቁለቱ ሳይሰፋ መርከብ መጨመር ነው።

ሁለተኛ፣ ሁለቱንም አዳፕተሮች አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ባሉ ሶኬቶች ላይ ሰክታችሁ ለኩ። እዚያም ከደከሙ ዕቃው ራሱ ችግር አለበት። እዚያ ደህና ሆነው ስትርቁ ከደከሙ ችግሩ ሽቦው ነው። ከዚያ ክፍል በክፍል እየተራቃችሁ ለኩ፤ ቁጥሩ በድንገት የሚወድቅበት ቦታ ላይ መጥፎው መጋጠሚያ አለ።

ሦስተኛ፣ ከግድግዳው ሶኬት ላይ በቀጥታ ሰኩ። እኛ አገር ቮልቴጅ ስለሚዋዥቅ ሁሉን ነገር ከስታብላይዘር ወይም ከዲቫይደር ጀርባ ማድረግ ልማድ ሆኗል። ለፍሪጅ ጥሩ ነው። ለአዳፕተር ግን ስታብላይዘርና የባትሪ መጠባበቂያ እንደ ግድብ ናቸው፤ ፈጣኑን ምልክት ያስቀሩታል። ከቮልቴጅ መጨመር የሚከላከል ዲቫይደርም እንዲሁ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኢሉባቦር በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ነጎድጓዱም አይጣል። አዳፕተሯ መከላከያ ሳይኖራት በቀጥታ የምትሰካ ከሆነ ሰማዩ ሲጠቁር መንቀል የእናንተ ሥራ ነው።

አራተኛ፣ ጫጫታ የሚያሰማውን ፈልጉ። ርካሽ የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል፣ የጁስ መፍጫ፣ የውኃ ፓምፕ፤ እነዚህ በጆሮ የማይሰማ ጫጫታ በሽቦው ላይ ይረጫሉ። ሁሉንም ነቅላችሁ ለኩ። ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ለኩ። ቁጥሩ ሲወድቅ ጥፋተኛውን አገኛችሁት። አንዳንድ ጊዜ ጉዳዩ አዳፕተሯ አጠገብ የተሰካን አንድ ቻርጀር ወደ ሌላ ሶኬት በማዛወር ያበቃል።

አምስተኛ፣ ቤታችሁ ስሪ ፌዝ ከሆነ ሁለቱ ሶኬቶች በአንድ ፌዝ ላይ መሆናቸውን በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስጠይቁ። ወፍጮ፣ ዳቦ ቤት ወይም ብየዳ ያለበት ግቢ ብዙ ጊዜ ስሪ ፌዝ ነው። ሱቁ በአንዱ፣ መኖሪያው በሌላው ከሆነ ምልክቱ ወይ ጭራሽ አያልፍም ወይ ተሰባብሮ ነው የሚያልፈው።

ስድስተኛ፣ ካርቶኑን በጥንቃቄ አንብቡ። በላዩ ያለው ቁጥር በጥሩ ሽቦ ላይ የሁለቱም አቅጣጫ ድምር ነው፤ በተግባር ግማሹም አይገኝም። 600 የተባሉ ብዙ አዳፕተሮች የኬብል መሰኪያቸው ከ100 በላይ አያሳልፍም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከ1000 በላይ ከሚሉት ብዙዎቹ ያን ቁጥር የሚያገኙት ሦስተኛውን ሽቦ፣ ማለትም የመሬት ሽቦውን፣ ጭምር ተጠቅመው ነው። ሁለት ሽቦ ብቻ ባለበት ቤት ትልቁን ገዝታችሁ የትንሹን ያህል ነው የምታገኙት። ዘመድ ከውጭ ሲልክም እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እትዬ፣ ትልቁን ቁጥር አትፈልጊ፤ 220 ቮልት የሚቀበልና ለእኛ ሶኬት የሚሆን እግር ያለውን ብቻ ላኪልን።»

ሰባተኛ፣ በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ከሆነ ምልክቱ በግድግዳ አይወሰንም፤ ጎረቤት ሶኬት ድረስ ሊሄድ ይችላል። የማጣመሪያዋን ቁልፍ ተጭናችሁ ሁለቱን አዳፕተሮች በራሳቸው ምስጢር አስተሳስሩ። አለበለዚያ ፍጥነታችሁን ብቻ ሳይሆን መስመራችሁንም ልትጋሩ ትችላላችሁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልሆነ ደግሞ ሽንፈት አይደለም። እስከ 100 ሜትር የሚሆን ተራ የኔትወርክ ኬብል በጣሪያው ሥር መጎተት ከየትኛውም አዳፕተር የተሻለ ነው። የጭቃ ግድግዳ ቤት ከሆነ ዋይፋዩ ራሱ ከብሎኬት ቤት በተሻለ ያልፋል፤ ዋናው ጠላቱ ቆርቆሮ ነው። ራውተሩን ከቆርቆሮ በር ወይም ግድግዳ ማራቅ ብቻውን ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

5. የማን ነው?

እስካሁን የተናገርነው የጥገና ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከጥገናው ጀርባ ያለው ጥያቄ ነው። ከቆጣሪው በኋላ ያለው ሽቦ የማን ነው?

የመብራት ድርጅቱ ኃላፊነት ቆጣሪው ላይ ያበቃል። የቴሌው ኃላፊነት ራውተሩ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲህ ያለው የባለቤቱ ነው ይባላል። አከራይ ደግሞ «እኔ ስገባበት አንድ አምፖል ነበር፤ ይሠራል» ይላል። ተከራዩ ይከፍላል፤ መንካት ግን አይፈቀድለትም። ባለሙያ ተጠርቶ «ጋሼ፣ ችግሩ ኢንተርኔቱ አይደለም፤ ሽቦው ነው» ሲል ሁሉም ዝም ይላል፤ ሽቦ መቀየር ማለት የቤቱን ታሪክ መቀየር ነውና።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የሕንፃ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል። የኤሌክትሪክ ባለሙያዎችን ብቃት የሚያረጋግጥ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንም አለ። ነገር ግን ደረጃው ለአዲስ ሕንፃ ነው የሚታሰበው፤ በትንንሽ ከተሞች በናስትሮ እየተቀጠለ ያደገውን ቤት ማን ያየዋል?

ይህ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ላላ ያለ መጋጠሚያ ጭነት ሲበዛበት ይሞቃል፤ በመካከሉም ጥቃቅን ብልጭታ ይፈጥራል። ብልጭታው ለአዳፕተሯ ጫጫታ ነው፤ ለጣሪያው እንጨት ግን ክብሪት ነው። ማታ ማታ ምጣድ ሲሰካ ኢንተርኔታችሁ የሚሞት ከሆነ፣ ምጣዱን ከመውቀስ በፊት ምጣዱና አዳፕተሯ የሚጋሩትን መጋጠሚያ ማስፈተሽ ይገባል። ሁልጊዜ እሳት ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ለኢንተርኔት ተብሎ የተደረገ ምርመራ ቤት ሊያተርፍ ይችላል። አንዲት ቀርፋፋ አዳፕተር ማንም ያላየውን ሽቦ ያየች የመጀመሪያዋ መርማሪ ልትሆን ትችላለች።

«የእኛ ችግር ከዚህ በላይ ነው» የሚሉ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ። መብራቱ በጠፋ ቁጥር አዳፕተርም ራውተርም እኩል ይሞታሉ። ፋይበር በተቆረጠ ቁጥር ከተማ ሙሉ ይጨልማል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ የማንም ሶኬት ጥፋተኛ አልነበረም። ልክ ናቸው። ያ የግንድ ችግር ነው፤ የ1928ቱ ዓይነት። መልሱም የፖለቲካና የመሠረተ ልማት ነው እንጂ የናስትሮ አይደለም።

ግን ለዚህም ቢሆን መለካት ያስፈልጋል። የግንዱን ጥፋት ከቅርንጫፉ ያልለየ ሰው አቤቱታው በቀላሉ ይጣላል። «ቀርፋፋ ነው» ብላችሁ ስትደውሉ መልሱ «የቤትዎ ችግር ነው» ይሆናል፤ ማስረጃም የላችሁም። «ራውተሩ ላይ በኬብል፣ ጧት በዚህ ሰዓት፣ ማታ በዚህ ሰዓት ለካሁ፤ የከፈልኩት 10 ነው፤ ያገኘሁት 3 ነው» ስትሉ ግን ክርክሩ ይለወጣል። የተለካ ቁጥር የደካማ ሰው ጠበቃ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባናል። አገልግሎት አቅራቢዎች መስመር ሲያስገቡ ራውተሩ ላይ የተለካውን ፍጥነት በወረቀት ጽፈው ለደንበኛው ይስጡ፤ ያኔ ድንበሩ የት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከተማ አስተዳደሮች የቤት ኪራይ ውል ሲመዘግቡ የኤሌክትሪክ ዝርጋታው ፍተሻ ከውሉ ጋር እንዲያያዝ መንገድ ያበጁ፤ ከቀላሉ ይጀምሩ፤ ከብሬከር ሳጥኑና ከመሬት ሽቦው። ሻጮችም ከካርቶኑ ቁጥር ጎን «በሁለት ሽቦ ቤት ይህን ያህል» ብለው ለገዢው ይንገሩ። ከሦስቱ አንዱም ግድብ መሥራት አይጠይቅም።

የባሮ መርከቦች ዛሬ የሉም። ሱዳን ነፃ ስትወጣ የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ዘመን አበቃ፤ ቡናውም በመኪና ወደ አዲስ አበባ ዞረ። ቡሬ ግን እዚያው ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አለች። በመቶ ዓመት ውስጥ በፊቷ ያለፈው ጭነት ተለዋውጧል፤ ቡና፣ ጨው፣ ድምፅ፣ አሁን ደግሞ ምስልና ገንዘብ በስልክ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ መቶ ጊጋቢት ቢጨመር፣ ቡሬ ያለች ተማሪ ትምህርቷን የምታየው በጓሮ ክፍሏ ሶኬት ልክ ነው። ትልቁን መስመር የሚዘረጉልን ሌሎች ናቸው። የመጨረሻዋን አሥር ሜትር ግን ራሳችን ካልለካናት ማንም አይለካልንም።